«ምን እያነበብክ ነው?» ሲሉን ምን እንመልስ? የያዝነውን መጽሐፍ ለሰው የማካፈል መመሪያ

ባለፈው ዓመት ነው፤ ከሜክሲኮ ወደ ሳሪስ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ተቀምጫለሁ። አጠገቤ ያለች ልጅ እጄ ላይ ያለውን መጽሐፍ አየት አደረገችና «ጥሩ ነው?» አለችኝ። «በጣም» አልኳት። «ስለ ምንድን ነው?» አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። ሁለት መቶ ገጽ አንብቤያለሁ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነስቶኛል። ግን «ስለ... ሕይወት ነው» ብዬ አረፍኩት። ልጅቷ በጨዋነት ራሷን ነቀነቀችና ወደ ስልኳ ተመለሰች። ጎተራ ላይ «ወራጅ አለ» ብላ ወረደች። እኔ ምን ማለት እንደነበረብኝ እያሰብኩ ሳሪስ ደረስኩ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን እንደ ሙያ ይዤዋለሁ። አምስት ሆነን በወር አንድ ቅዳሜ እየተገናኘን አሁን ስለያዝነው መጽሐፍ እናወራለን። ዓመት ሊሞላን ነው። ሁለት ሰው ወጥቶ ሁለት ሰው ገብቷል። አንድ መጽሐፍ ጠፍቷል፤ ሌላው ላይ ቡና ተደፍቷል። እዚህ የምጽፈው ከዚያ የለቀምኩትን ነው። ለአንድ ጓደኛ ብቻ ለመንገርም፣ እንደኛ ሰብሰብ ብሎ ለመጫወትም ይሆናል።

1. እስክትጨርሱ አትጠብቁ

«ልጨርሰውና እነግርሃለሁ» እንላለን። አንነግርም። ጨርሶ መጥቶ የነገረኝ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

መጽሐፍ ካለቀ በኋላ እጃችን ላይ የሚቀረው ፍርድ ነው፦ አሪፍ ነው፣ ደህና ነው፣ አልተመቸኝም። ፍርድ ደግሞ ወሬ አያስቀጥልም፤ የሰማው ሰው «እሺ» ብሎ ያልፋል። መሃል ላይ ያለ አንባቢ ግን ጥያቄ ይዞ ነው የሚዞረው። «ይሄ ሰውዬ ደብዳቤውን ሳይከፍት ለምን ቀደደው?» እያለ የሚብሰለሰል ሰው አጠገብ ተቀምጦ ዝም ማለት ይከብዳል። ወይ መገመት ትጀምራላችሁ፣ ወይ መጽሐፉን ትነጥቁታላችሁ።

ሌላም ጥቅም አለው። ያልጨረሰ ሰው መጨረሻውን ሊያበላሽ አይችልም፤ እሱም አያውቀውማ! እኛ ማኅበር ውስጥ የመጀመሪያውን ጥፋት የሠራሁት እኔ ነኝ። የጨረስኩትን የወንጀል ልብ ወለድ ይዤ ሄድኩና በስሜት ስተርክ ገዳዩ ማን እንደሆነ አፈነዳሁት። አንዷ መጽሐፉን ያን ሰሞን ገዝታ ገና አልጀመረችውም ነበር። እስካሁን ቡና ስትቀዳልኝ ሲኒዬን አትሞላም።

ስለዚህ የኛ ደንብ እንዲህ ነው፦ ሲሶው ላይ ስትደርሱ መናገር ትችላላችሁ። ከዚያ በፊት መጽሐፉ ገና አልያዛችሁም፤ የምትናገሩት የሽፋኑን ጀርባ ነው።

2. ስታነቡ ሦስት ቦታ ምልክት አድርጉ

ማስታወሻ ደብተር ያዙ አልላችሁም። ሞክሬዋለሁ። ደብተሩ ሁለተኛ የቤት ሥራ ሆነና ማንበቤን ራሱ ተውኩት።

የኔ መሣሪያ የሱፐርማርኬት ደረሰኝ ነው። ለሁለት አጥፌ ገጽ መያዣ አደርገዋለሁ፤ ባዶው ጀርባው ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ። አሁን የያዝኩት መጽሐፍ ውስጥ ያለው ደረሰኝ እንዲህ ይላል፦

«31፦ የአክስቱ እርግማን። ሳቅ።»

«88፦ ዝናቡ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።»

«112፦ እዚህ ጋ ዋሸ ወይስ ረሳ?»

በቃ። ያሳቀኝ አንድ፣ ያስቆመኝ አንድ፣ ግራ ያጋባኝ ወይም ያናደደኝ አንድ። ከሦስት በላይ ከበዛ ስትናገሩ ትበታተናላችሁ። የገጹን ቁጥር መጻፍ አትርሱ። ሰው ፊት ቁጭ ብሎ «ቆይ ላግኘው... እዚህ አካባቢ ነበር...» እያሉ ገጽ ማገላበጥ የሰሚን ፍላጎት በግማሽ ደቂቃ ይገድላል።

ማስጠንቀቂያ ቢጤ፦ የደረሰኝ ጽሑፍ በጊዜ ይደበዝዛል፤ የእርሳሱ ግን ይቆያል። የሰው መጽሐፍ ላይ በእስክሪብቶ አታስምሩ። የገጽ ጆሮ የሚያጥፉ ሰዎችም አሉ፤ ከነሱ ጋር መከራከር ትቻለሁ፤ ብቻ የኔን አላውሳቸውም።

3. ታሪኩን አትጠቅልሉ፤ አንድ ቦታ ላይ ቁሙ

ዋናው ነገር ይሄ ስለሆነ እዚህ ጋ ትንሽ እንቆያለን።

አብዛኞቻችን ስለ መጽሐፍ ስንጠየቅ የትምህርት ቤት ልማድ ይነሳብናል። ደራሲው እገሌ ነው፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ እገሌ ይባላል፣ ጭብጡ እንዲህ ነው እንላለን። ፈተና ላይ ማርክ ያሰጣል። ታክሲ ውስጥ ግን ሰው ያስተኛል።

ሁላችንም የምናውቀውን እንውሰድ፤ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር»። በ1958 ዓ.ም. የታተመ ነው። ያላነበበውም ብዙ ሰው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምቶታል። ስለዚህ ምሳሌ ብናደርገው የማንንም ደስታ አንሰርቅም። አንድ ሰው አሁን እያነበበው ነው እንበል። ሁለት ዓይነት አነጋገር አለ።

የመጀመሪያው፦ «በፊውዳል ዘመን ጎጃም ውስጥ የሚካሄድ የፍቅር ታሪክ ነው። በዛብህ የሚባል ድሃ የቤተ ክህነት ተማሪና ሰብለ ወንጌል የምትባል የባላባት ልጅ ይዋደዳሉ። የመደብ ልዩነትን ያሳያል። ቋንቋው በጣም ቆንጆ ነው።»

ስህተት የለበትም። ግን ይሄን ሰምቶ ተነስቶ መጽሐፍ ሊገዛ የሚሄድ ሰው አለ?

ሁለተኛው፦ «አንዲት እናት አለች። ልጇ እንዳይሞትባት ብጽአት ገባች፤ ብታተርፍልኝ ላንተ ነው፣ ለቤተ ክርስቲያን እሰጠዋለሁ፣ ሚስት አያገባም አለች። ልጁ ዳነ። አሁን አድጎ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ እሱ ግን ምንም አልማለም፤ የማለችው እናቱ ናት። እኔ አሁን የደረስኩት አንድ ባላባት ቤት ሴት ልጃቸውን ፊደል ሊያስተምር የገባበት ጋ ነው።»

እዚህ ላይ ዝም በሉ። ሰሚው «ኧረ?» ይላል፤ ወይም «እናትየው ጥፋተኛ ናት እንዴ?» ይላል። ወሬው ተጀመረ ማለት ነው። ሁለተኛው ተናጋሪ ከመጽሐፉ ውስጥ አንድ ቋጠሮ ብቻ ነው ያወጣው። ጎጃም አላለም፣ መደብ አላለም፣ ስም እንኳ አልጠራም። የጠቀሰውም ከመጀመሪያው ክፍል ስለሆነ ገና ያላነበበው ሰው የሚጎድልበት ነገር የለም።

ቋጠሮውን የማገኘው እንዲህ ነው። ደረሰኜ ላይ ከጻፍኳቸው ሦስቱ አንዱን እመርጣለሁ፤ ብዙ ጊዜ ግራ ያጋባኝን። ከዚያ «አንድ ሰው አለ» ብዬ እጀምራለሁ። «አንዲት ሴትዮ አለች»፣ «አንድ ቤት አለ»። ተረት እንደሚጀመረው ማለት ነው። ሰውየው ምን ፈለገ? ምን ያዘው? አሁን እኔ የት ደርሻለሁ? ሦስቱ ከተመለሱ ይበቃል። ከሁለት ደቂቃ አያልፍም።

ታሪክ፣ ግለ ታሪክ ወይም ስለ ሥራና ስለ ገንዘብ የሚያወራ መጽሐፍ ከሆነም ልዩነቱ ትንሽ ነው። «ስለ ኢኮኖሚ ነው» ከማለት «ሽንኩርት በክረምት ለምን እንደሚወደድ አሁን ገባኝ» ማለት ይሻላል። ግጥም ከሆነ ጨርሶ አታውሩ፤ አንዱን አንብቡ። ግጥም በማብራሪያ ሲወራ እንደ ቀዘቀዘ ሽሮ ነው።

በዚህ ሙያ ከሁላችን የሚበልጡት መጽሐፍ አዟሪዎች ናቸው። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ቆማችሁ ተመልከቷቸው። ቁልሉ ከሆድ እስከ አገጭ ይደርሳል። በግራ ክንድ አቅፈው፣ በአገጭ ደግፈው፣ ቀኝ እጃቸው ነፃ ነው። ከመሃል አንዱን ሲመዙ ቁልሉ አይነቃነቅም። አንዱን «ይሄስ?» ስለው ሽፋኑን እንኳ ሳያይ «እሱን ማታ እንዳትጀምረው፤ ሥራ ትቀራለህ» አለኝ። ገዛሁት። ሥራ አልቀረሁም፤ አርፍጄ ግን ገብቻለሁ።

4. ሰብሰብ ለማለት፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ

የመጀመሪያ ሁለት ወር ስብሰባችን ቅጥ አልነበረውም። አንዱ አርባ ደቂቃ ያወራል፤ አንዷ ቦርሳዋ ውስጥ መጽሐፍ ይዛ ሳታወጣው ትሄዳለች። ሰዓት መያዝ ሞከርን፤ ስልክ ሲጮኽ ፍርድ ቤት መሰለ። በመጨረሻ መፍትሔው ፊታችን ረከቦት ላይ ተቀምጦ አገኘነው።

አቦል ላይ እያንዳንዱ ሰው ይናገራል። ሁለት ደቂቃ፣ ቢበዛ ሦስት። አስተያየት መስጠት፣ «እኔም አንብቤዋለሁ» ብሎ መንጠቅ ክልክል ነው። አምስት ሰው ሲሆን ሲኒው ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ማን ይጀምራል የሚለው አያጨቃጭቅም፤ ቡና መጀመሪያ የተቀዳለት ይጀምራል። እኛ ጋ ከሁሉ ታላቅ የሆኑት ጋሼ ናቸው፤ ስለዚህ ሁሌም የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው። ደግሞ ጥሩ ከፋች ናቸው፤ «እኔ እንኳ ዛሬ የያዝኩት አይረባም» ብለው ይጀምሩና ሁላችንንም ያስመኙናል።

ቶና ላይ ጥያቄና ንባብ ነው። አንድ ሰው ምልክት ካደረገባቸው ቦታዎች አንዱን ጮክ ብሎ ያነብባል። አንድ ገጽ ብቻ። ይሄ ክፍል ሲቀር ስብሰባው ወሬ ብቻ ይሆናል። የመጽሐፉ ድምፅ ቤቱ ውስጥ መሰማት አለበት፤ ምክንያቱም ሰው መጽሐፍ የሚመርጠው በታሪኩ ብቻ ሳይሆን በአረፍተ ነገሩም ነው። ማንበብ የሚያፍሩ አሉ። አታስገድዷቸው፤ መጽሐፉን ለጎረቤታቸው ሰጥተው ያስነብቡ። ከማንበባችሁ በፊት ግን ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ በአፋችሁ ሞክሩት። በዓይን ሲያልፉት ቀላል የሚመስል አረፍተ ነገር ምላስ ላይ ሲደርስ ይጠብቅ ይላላ አይታወቅም። «ገና» ነው «ገና»? አንዴ «አለ» የሚለውን አጥብቄ ማንበብ ሲገባኝ አላልቼ፣ በሕይወት ያለውን ሰውዬ ተናጋሪ አድርጌዋለሁ።

በረካ ላይ መጽሐፍ ይለዋወጣል። የጨረሰ ያውሳል፤ የፈለገ ይጠይቃል፤ ወረፋ ይያዛል። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

ሁለት ነገር ልጨምር። ቡናውን ሁሌ አንድ ሰው አያፍላ፤ በተለይ ሁሌ ሴቷ አታፍላ። ከሰል ስታራግብ የነበረች ሰው አቦል ላይ የተወራውን ግማሹን አልሰማችም። እኛ ተራ አለን፤ ወንዶቹም ይቆላሉ። አንዱ ሁሌ ያሳርረዋል፤ እንጠጣዋለን። ሁለተኛው የቡና ቁርስ ነው። ፈንዲሻና ቆሎ ደህና ናቸው። ዳቦም ችግር የለውም። ቅቤ ያለበት ነገር ግን መጽሐፍ ካለበት ቤት አይግባ። ጭኮ የበላ እጅ የነካው ገጽ ብርሃን ያሳልፋል።

ቁጥሩ ከአራት እስከ ሰባት ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ ከበለጠ አቦል ሳያልቅ ጀበናው ይቀዘቅዛል። ሁላችሁም አንድ ዓይነት መጽሐፍ እንድታነቡ አትስማሙ። ብዙ የንባብ ክበብ ሲሞት ያየሁት እዚህ ላይ ነው፤ መጽሐፉ ገበያ ላይ ሦስት ፍሬ ብቻ ይገኛል፣ ዋጋው ለአንዱ ይከብዳል፣ ሁለቱ ሳያነብቡ ይመጣሉ፣ ከዚያ አፍረው ይቀራሉ። ሁሉም የየራሱን ሲይዝ ያልተዘጋጀ የሚባል ሰው የለም።

5. ማዋስና ማስመለስ

«መጽሐፍ የሚያውስ ሞኝ ነው፤ ተውሶ የሚመልስ ደግሞ የባሰ ሞኝ ነው» የሚል የቆየ ቀልድ አለ። የሁላችን መደርደሪያ ላይ የሰው መጽሐፍ ስላለ ነው የሚያስቀን።

እኛ አንድ ባለ ሃምሳ ቅጠል ደብተር አለን። የመጽሐፉ ርዕስ፣ የባለቤቱ ስም፣ የወሳጁ ስም፣ ቀን። አራት መስመር። ስንጀምር «እኛ እኮ ጓደኛሞች ነን፣ ፊርማ ምን ያደርጋል?» ያለው ሰው ነው የጠፋውን መጽሐፍ የወሰደው። አልካደም፤ በእውነት ረስቶታል። ለአማቱ ያዋሰው ይመስለዋል። አማትየው ደግሞ «እኔ ሰጥቼዋለሁ» ይላሉ። አሁን ደብተሩን ያለ ምንም ይሉኝታ እናወጣለን።

ጊዜው እስከሚቀጥለው ስብሰባ ነው። ያልጨረሰ ይዞ ይመጣና ያሳያል፤ ሌላ ፈላጊ ከሌለ ይቀጥላል። ዋናው መጽሐፉ በወር አንዴ ቤት መምጣቱ ነው። ሽፋኑ ስስ ከሆነ በፕላስቲክ ሸፍኑት፤ ብዙዎቹ መጻሕፍታችን ሙጫቸው ደካማ ነው፤ አራተኛው እጅ ላይ ሲደርሱ ቅጠል ይጥላሉ። የወደቀ ገጽ ካለ ወዲያው ለጥፉት። ከመርማሪ ልብ ወለድ መጨረሻ ሁለት ገጽ ጎድሎ የደረሰኝ ጊዜ አለ፤ ለጠላቴ አልመኝም።

ገበያ ላይ የጠፋ መጽሐፍ ከወደዳችሁና ማዋስ ከፈራችሁ፣ ፈላጊውን ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) ላኩት። አገር ውስጥ የታተመ መጽሐፍ ቅጂ እዚያ ገቢ እንዲሆን ሕግ ስለሚያዝ፣ አዟሪ እጅ ላይ የሌለ እዚያ ሊገኝ ይችላል። 4 ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ተከፍቷል። እንደ መዋስ አይመችም፤ ተቀምጦ ማንበብ ይፈልጋል። የቸገረው ግን ሲሻው ይቀመጣል። ገጣሚው ነቢይ መኮንን እንኳ በደርግ እስር ቤት ሆኖ የማርጋሬት ሚቼልን «Gone with the Wind» «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ ሲተረጉም የጻፈው በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ ነበር።

6. በስልክ ለራቀ ሰው ማካፈል

ከማኅበሩ የወጣችው አንዷ ጓደኛችን ዋሽንግተን አካባቢ ነው የሄደችው። አልተወችንም። አንዷ ዘመዳችን ደግሞ ሪያድ ናት፤ ለማንበብ ጊዜ የላትም፤ በጆሮዋ ግን ከሁላችን በላይ «ታነባለች»። ሥራዋን እየሠራች ትረካ ትሰማለች። መጀመሪያ «እሱ ማንበብ ነው እንዴ?» ብለን ተከራክረን ነበር። ወጋየሁን በሬዲዮ እየሰሙ ያደጉት ጋሼ ክርክሩን ዘጉት።

ለነሱ ድምፅ ቀድተን ቴሌግራም ላይ እንልካለን። ደንቡ ያው የአቦል ደንብ ነው፤ ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም። መኪና እየነዱ፣ ወጥ እያማሰሉ የሚሰሙት ስለሆነ ረጅም ከሆነ «ቆይቼ እሰማዋለሁ» ይባልና ይረሳል። ከድምፁ በታች በጽሑፍ ርዕሱን፣ የደራሲውን ስም፣ የታተመበትን ዓመት፣ የገጹን ብዛትና የት እንደገዛችሁት አስፍሩ። «ዓ.ም.» ማለት አትርሱ። ውጭ ያለ ሰው 2001 የሚል ካየ ሌላ 2001 ሊመስለው ይችላል። ውጭ ላለ ሰው የገጽ ብዛትም ዋጋ አለው፤ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ነገር ኪሎ አለው። ከአገር ቤት የሚመጣ እንግዳ በርበሬና ሽሮ ከጫነ በኋላ ለመጽሐፍ የሚተርፈው ቦታ ያንን ያህል ነው።

በቀጥታ ለመገናኘት ካሰባችሁ ሰዓቱን በሁለት መንገድ ጻፉ። እኛ «10 ሰዓት» ብለን ዋሽንግተን ያለችው በሷ ሰዓት አቆጣጠር ወስዳ ብቻዋን ስክሪን ስታይ ቆይታለች። እዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን በበጋቸው ጠዋት 9፣ ሰዓታቸውን ወደኋላ ሲመልሱ ደግሞ ጠዋት 8 ነው፤ በነሱ አቆጣጠር ማለቴ ነው። ሪያድ ከኛ ጋር እኩል ነው፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ይቀድመናል።

ስለ ፒዲኤፍ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። አንድን ገጽ ፎቶ አንስቶ «ይሄን እዩልኝ» ማለት ጥሩ ነው። ሙሉውን መጽሐፍ ስካን አድርጎ ግሩፕ ላይ መልቀቅ ግን ማካፈል አይባልም። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ለደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት መብቱን ይጠብቃል። ሕጉን ተዉት፤ ብዙዎቹ የአማርኛ ደራስያን ማሳተሚያውን ከኪሳቸው ነው የሚከፍሉት። የወደዳችሁትን መጽሐፍ ደራሲ ሁለተኛውን እንዳይጽፍ ማድረግ ከፈለጋችሁ ከፒዲኤፍ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

7. ያልወደዳችሁትን፣ የተዋችሁትን፣ ያልጀመራችሁትን

የያዛችሁት መጽሐፍ ካልጣማችሁም ተናገሩ። ብቻ የት ጋ እንደለቀቃችሁ በትክክል ንገሩን። «አይረባም» ሳይሆን «ገጽ 60 ላይ ሦስተኛ ሰው በሕልም ሲገለጥለት ተውኩት»። አንዴ አንዷ እንዲህ ብላ ስትናገር ሌላው «እኔ ሕልም ያለበት ነው የምወደው» ብሎ መጽሐፉን ወሰደው፤ ጨረሰው፤ ወደደውም። ከምስጋና ይልቅ ዝርዝር ያለው ነቀፋ ለመጽሐፉ የተሻለ ገዢ ያገኛል።

ደራሲውን የምታውቁት ከሆነ፣ ወይም ዘመዳችሁ ከሆነ፣ መጀመሪያ ተናገሩ። አገራችን ትንሽ ናት፤ ያልተጠበቀ ቦታ ላይ «አጎቴ ነው» ይባላል።

ለእናት ለአባት ማካፈልን በተመለከተ፣ «ምን እያነበብሽ ነው?» ብለው እስኪጠይቁ አትጠብቁ። እናቴ ዓይኗ ደክሟል። ማታ ማታ የያዝኩትን አንድ ገጽ አነብላታለሁ። ገጸ ባሕርያቱን በሰፈር ሰው ነው የምትለያቸው፤ «ያቺ እንደ ጎረቤታችን ያለችው ምን ሆነች?» ትላለች። ባለፈው ሳምንት ቸኩዬ ሁለት ገጽ ዘልዬ አነበብኩላት። «ቆይ፣ በሬውን መቼ ሸጠው?» አለችኝ። ተመልሼ አነበብኩ።

ምንም እያነበበ ያልሆነ ሰውም ይምጣ። ይሄ ከደንቦቻችን ሁሉ ዘግይቶ የወጣ ነው። ከመሃላችን አንዱ ሥራ በዝቶበት ሦስት ወር ሙሉ «እኔ ዛሬ ምንም የለኝም» እያለ ቡናውን ጠጥቶ ሲሄድ ቆየ። ማንም አላሳፈረውም። በአራተኛው ወር ፕላስቲክ የለበሰ ሰፊ መጽሐፍ ከቦርሳው አወጣ፤ የልጁ የአማርኛ መማሪያ ነው። የቤት ሥራ ሲያሠራት ያገኘው፣ ስለ አንዲት ኤሊ የሚያወራ ግማሽ ገጽ ታሪክ ነበር። አቦል ላይ ነገረን፤ ቶና ላይ ድምፁን እየለዋወጠ አነበበልን። በረካ ላይ ጋሼ ለልጅ ልጃቸው ሊወስዱት ደብተሩን ጠየቁ። አልተሰጣቸውም፤ ልጅቷ ሰኞ ፈተና ነበረባት።